ሙሉ ስም ከነአያት

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ሀረገወይን፣

እንዴት ነሽልኝ? ሐዋሳ አሁንም እንደተስማማሽ ነው? የክሊኒኩ ሥራስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር። ዛሬ ሁለት ነገር ልነግርሽ ነው ብዕር ያነሣሁት። አንደኛው የእድላዊት ነው፤ ስልክሽን ስለማታነሳልሽ ወሬዋን ከእኔ ስሚ። ሁለተኛው የራሴ ነው። እሱን ስለፈራሁት ወደ መጨረሻ ገፋሁት።

ልጅሽ የምትሠራበት ድርጅት ለጠበቆች የኢሜይል ፕሮግራም እንደሚያዘጋጅ ታውቂያለሽ። የእሷ ሥራ ሌባ ሊገባበት የሚችለውን ቀዳዳ እየፈለጉ መድፈን ነው። ባለፈው ወር ሰንጋ ተራ ካለው ቢሮዋ ምሳ ይዛልኝ መጣች። እኔም እንደ ልማዴ ፍርድ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍሌ የአንድ ሰውዬ ክስ እየጻፍኩ ነበር። "ሙሉ ስም ከነአያት" ብዬ ስጠይቀው ሰማችና የጠቀለለችው እንጀራ እጇ ላይ ቀረ።

"አባዬ፣ ይሄን ስም ስንት ሰው ያየዋል?"

"የፈለገ ሁሉ ነዋ! ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሳይቀር ይለጠፋል።"

"ጠበቆቹስ?"

"እነሱም ውክልናው ላይ ከነአያታቸው ነው የሚጻፉት።"

"አለቀልኝ!" ብላ ምሳውን እንዳለ ትታው ወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደንበኛ የይለፍ ቃሉ ሲጠፋበት ፕሮግራሙ አንድ የምስጢር ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ በትክክል ከመለሰ ያስገባዋል። በውጭ አገር የእናትን የቤተሰብ ስም ነው የሚጠይቁት አሉ። እድላዊት ሥራ በጀመረች ሰሞን ይህንኑ ወደ እኛ ስታመጣው "የአያትዎ ስም ማን ነው?" አደረገችው። እንግዲህ የእኛ ሰው አያቱን በየማመልከቻው ሲያስጽፍ አይደል የሚውለው! የአንድን ጠበቃ ደብዳቤ ለመክፈት ውክልናውን ማየት ይበቃ ነበር ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ቁልፍ ስጽፍ መኖሬን እኔስ መች አወቅኩት?

ሁለት ቀን ሳታርፍ ሠርታ ደፈነችው። አለቃዋ አቶ በሱፍቃድ "ከተደፈነ ምን ቀረ? ዝም በይ፤ ደንበኛ ይሸሻል" አላት።

"ክፍት በነበረ ጊዜ ገብቶ ያነበበ ቢኖርስ? ሰዎቹ ማወቅ አለባቸው" አለችው።

"እንግዲያው ራስሽ ፈርመሽ ላኪ። ደንበኛ ከሸሸ ግን ሥራ አለኝ ብለሽ አትቁጠሪ።"

ለደንበኞቹ የምትልከውን ደብዳቤ አማርኛውን እንዳርምላት አመጣችልኝ። "ስህተቱን የሠራሁት እኔ እድላዊት ነኝ" ይላል። እኔ የማመልከቻ ሰው፣ ጥፋትን ማለሳለስ እንጀራዬ ነው፤ ስምሽን አውጪውና "በቴክኒክ ችግር ምክንያት" በይ አልኳት።

"አባዬ፣ ቴክኒኩ ምን አደረገ? ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ሀረግዬ፣ እንዴት እንደኮራሁባት! ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ማን መቼ እንደገባ የሚያሳየው የፕሮግራሙ መዝገብ ሲመረመር በዚያ ቀዳዳ በእርግጥ ደብዳቤዋ የተነበበባት አንዲት ጠበቃ ተገኘች፤ ቀመሪያ ትባላለች። በስልክ መንገር እየተቻለ እድላዊት ቢሮዋ ድረስ ሄደች። ሴትዮዋ እንደ ጉድ ጮኸችባት። ልጅሽ እስከ መጨረሻው ሰምታት ስትጨርስ፣ የትኛው ደብዳቤ በየትኛው ቀን እንደተከፈተ አንድ በአንድ ነገረቻት። ደብዳቤው ሲደርሳቸው ሁለት ደንበኞች ጥለው ሄደዋል። ቀመሪያ ግን ከሳምንት በኋላ ለአቶ በሱፍቃድ ደውላ "ከእናንተ ጋር የምቆየው በዚያች ልጅ ምክንያት ነው" አለችው፤ የልጅሽም ሥራ ተረፈላት። ይህን ድፍረት ከማን ወረሰችው ትያለሽ? ከእኔ እንዳልሆነ አሁን ታያለሽ።

የዛሬ አራት ዓመት ከሐዋሳ የመጣልሽን የሥልጠና ጥሪ ደብዳቤ የከፈትኩት እኔ ነኝ። "ፖስታው ተቀዶ ነው የመጣው" ያልኩሽ ውሸት ነው። ሐምሌ 9 ቀን ተቀበልኩት፤ ከፈትኩት፤ አነበብኩት። የምዝገባው ቀን እስኪያልፍ ዘጠኝ ቀን በኮት ኪሴ ይዤው ዞርኩ። ጥለሽኝ የምትሄጂ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ከፍተኸው ነበር ወይ ብለሽ ስትጠይቂኝ "ሌባ ልታደርጊኝ ነው?" ብዬ ጮኽኩብሽ። ሻንጣሽን አሸክሞ ሐዋሳ የሰደደሽ ከወረቀቱ ይልቅ ያ ጩኸት ይመስለኛል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።

እድላዊት ይህን አታውቅም። እናቴ ለሥራ ብላ ጥላን ሄደች እያለች አንቺን ስትቀየም፣ አራት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ አየኋት። ይህ ከመጀመሪያው ይብሳል።

ልደታ ማርያም ባለሽበት ትጠብቅሽ፤ እጆችሽን ትባርክልሽ፤ የነካሽው በሽተኛ ሁሉ ይዳንልሽ። ደብዳቤውን ዛሬውኑ ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ። ለልጃችን ደግሞ ሐሙስ ስትመጣ በአፌ እነግራታለሁ። ከዚያ በኋላ በምን ዓይን እንደምታየኝ አላውቅም፤ ለአንቺ ግን ትደውላለች።

በዳይሽ፣
ሀብተ ማርያም