በበረዶው ላይ ስድስተኛው ሰው

ውድ አሰልጣኜ ኦረል፣

ወረቀትህ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። «ግንባርህ ላይ እለጥፈዋለሁ» ብለህ ዝተህብኝ ነበር፤ በፖስታ ከላክኸው እንግዲህ መለጠፉን ለኔ ተውከው ማለት ነው። ቢሮዬ ተቀምጬ ፊቱን አየሁ፣ ጀርባውን አነበብኩ፣ እንደገና ፊቱን አየሁ። ሳቄን ሳልጨርስ እንባዬ መጣ። ጽዳት ሠራተኛዋ በሩን ከፈት አድርጋ አይታኝ ቀስ ብላ መልሳ ዘጋችው።

መደወል እችል ነበር። ግን ስልክ ላይ አመልህን አውቀዋለሁ፤ ሰው ጀምሮ ሳይጨርስ «እሺ፣ እሺ» እያልክ ታጣድፋለህ። ይኼን እስከ መጨረሻው እንድትሰማኝ ስለፈለግሁ ነው የምጽፍልህ። ደግሞም አሁን ማንበብ ትችላለህ። ይህችን መስመር ስጽፍ የተሰማኝን እፎይታ ምን ብዬ ልንገርህ።

የነገሩን ግማሽ ታውቀዋለህ። የማታውቀው የኔን ግማሽ ነው።

የመጀመሪያው በረዶ የወደቀ ሳምንት፣ በሜዳችን የተጫወትነውን የበረዶ ሆኪ ግጥሚያ ታስታውሳለህ። ሁለት ለሁለት ነበርን፤ ሊያልቅ አራት ደቂቃ ቀርቶታል። እንደ ልማድህ ከተቀያሪዎቹ ወንበር ኋላ ቆመህ የሚገባውን ልጅ ትከሻ መታ ታደርጋለህ። በክለባችን፣ በሰንጣቂዎች ቤት፣ ሕጉ ይኸው ነው፤ ትከሻህ ካልተነካ አትነሳም፤ ከተነካ ለምን አትልም፣ አጥሩን ዘለህ በረዶው ላይ መገኘት ነው። የአንበላችንን የቶቢንን ትከሻ ነካህ፤ ቶቢን ዘለለ። እሱ የሚተካው ልጅ ግን ገና በግራ በኩል እየመጣ ነበር፤ ሃያ ሜትር ይቀረዋል። ከበረኛው ሌላ አምስት መሆን ሲገባን ስድስት ሆንን። ዳኛው ነፋ፤ ሁለት ደቂቃ አንድ ሰው ጎድለን ተጫወትን፤ እሷኑ ጠብቀው አገቡብን።

አንድ ጊዜ ማንም ይሳሳታል። አንተ በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ተሳሳትክ። ከኋላችን ከተመልካቹ መሃል የማይጠፋው ስታን፣ ያ የዓሣ ማጥመጃ ትል ነጋዴ፣ አገሩ ሁሉ እየሰማ «ኦረል፣ ጣቶችህን አውጣና ቁጠር፤ ካልበቁህ የኔንም አበድርሃለሁ» አለህ። ሰው ሳቀ። እኔም ጥርሴ ሳይታይ አልቀረም፤ ይቅር በለኝ።

ከዚያ ወዲህ ነው እጄ ሥራ የጀመረው። አንተ ትከሻ ስትነካ እኔ ረዳትህ ከኋላ ማልያ እይዛለሁ። የሚወጣው ልጅ መድረሱን አይቼ ስለቀው ብቻ ይገባል። አንድ ቀን ቶቢን መልበሻ ክፍል ጥግ ይዞኝ፣ «አሰልጣኝ፣ አንዱ እጅ ሂድ ይለኛል፣ አንዱ እጅ ቁጭ በል ይለኛል። ለየትኛው ልታዘዝ?» አለኝ።

«ለማልያህ» አልኩት።

ዓይኔን አየኝና ሌላ አልጠየቀም። ልጆቹ ሁሉ ገብቷቸዋል። ሁሉም ስለሚወዱህ ሁሉም ዝም አሉ፤ በዚህ መሃል አንተን የሚያሳክም ጠፋ። ሎሬት ምግብ ቤት ቁርስ ልንበላ ገብተን አስተናጋጇን ገጭተህ የያዘችውን ባቄላ በሙሉ ደረቷ ላይ ስትደፋባት «ከየት መጣች?» ብለህ የጠየቅኸው እኔን ነበር። ከግራህ ነው የመጣችው ኦረል፤ እየዘፈነች ነው የመጣችው። የመኪናህ የጎን መስታወቶች ሁለቱም በፕላስተር ከተጣበቁ ሰንብተዋል። ያየሁትን እንዳላየሁ እሆን ነበር።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። እቤትህ የአተር ሾርባ የጠጣን እሁድ፣ አንተ እንጨት ልታመጣ ስትወጣ ጊስሌን ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «ዋረን፣ ጋራዡ ጠበበ ይለኛል። ሠላሳ ዓመት መኪናውን ያስገባበት ጋራዥ በምን ይጠባል? እውነቱን ንገረኝ፤ ዓይኑ ደህና ነው?»

«ደክሞት ነው» አልኳት። ሚስትህን፣ ሾርባዋን እየጠጣሁ፣ ዋሸኋት።

ለራሴ ታማኝነት ነው እለው ነበር። ጉልበቴ ተሰብሮ በሃያ አምስት ዓመቴ ከጨዋታ ስወጣ፣ ክራንቼን ተደግፌ ሆስፒታል በር ላይ ቆሜ «ቆመህ ማየት ከቻልክ ሥራ አለህ» ያልከኝ አንተ ነህ። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ዓይንህ አያይም እለዋለሁ እያልኩ እራራ ነበር። ውሸቴን ነው። አንተ ብትወርድ ወንበሩ የኔ እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ወንበሩን እፈልገው ነበር። ስለምፈልገው ደግሞ አፌን ብከፍት ጎትቶ ጣለው እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ታማኝነት ያልኩት ፍርሃት ነበር፤ በዚያ ፍርሃት ዓይንህን ልታጣው ነበር።

ከአሥራ ሦስት ጨዋታ አሥራ አንዱን ስንሸነፍ ከተማው ሁሉ አሰልጣኝ ሆነ። ፀጉር ቤት ገብቼ ተላጭቼ እስክወጣ አንተን ሁለት ጊዜ አሰናብተውህ አንድ ጊዜ መለሱህ። ወይዘሮ ዶሪን ግን የማንንም አልሰሙም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ክለቡንም ሆነ እንጨት መሰንጠቂያውን የሚመሩት ጠይቀው ነው። ሐሙስ ጠዋት መጋዝ ቤቱ ድረስ አስጠሩኝ።

«ጋዜጣው ይሰናበት ይላል፣ ሕዝቡም ይሰናበት ይላል» አሉኝ። «እነሱ ከሩቅ ነው የሚያዩት። አንተ አጠገቡ ትቆማለህ። ይቀየር ወይስ አይቀየር?»

«ይቀየር» አልኩ።

ቃሉ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ምክንያቱን ጠየቁኝ። «ግራና ቀኙን አያይም» አልኳቸው። «ሁለት ወር ሙሉ ልጆቹን በማልያቸው ይዤ ነው የቆየሁት።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ወንበሩን ትፈልገዋለህ?»

«እፈልገዋለሁ። እስከ ዛሬ አፌን የያዘኝም እሱ ነው።»

ከውጭ መጋዙ ሲጮህ ይሰማል። እስኪያቆም ጠበቁ። «እኔ ዘንድ እጁን አጥርቶ የማያይ ሰው መጋዝ ፊት አይቆምም። ጠልቼው አይደለም፤ ጣቶቹ እንዲተርፉለት ነው» አሉኝ። ስሜን እንዳይደብቁ ለመንኳቸው። ዋረን ነው ያለው ይበሉት አልኳቸው፤ አሉህም።

ቢሮ ገብተህ ፊሽካህን ከመስቀያው ስታወርድ የተናገርከውን አንድም ቃል አልረሳሁም። «በሽንፈቱ ዳኛውን ሰበብ ያደረገ አሰልጣኝ አይቻለሁ። በረዶውን ሰበብ ያደረገም አይቻለሁ። የሰው ዓይን ሰበብ ያደረገ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ቆመን፣ ዋረን።»

ፊሽካህን ኪስህ ከተትከው።

«ነገውኑ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። እንደ ጭልፊት እንደማይ የሚመሰክር ወረቀት አምጥቼ ግንባርህ ላይ ነው የምለጥፈው» አልክ። ዞረህ ስትወጣ የበሩን መቃን በግራ ትከሻህ መታኸው። ሁለታችንም እንዳልሰማን ሆንን።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ከሦስት ቀን አንተም ዝም፣ ጊስሌንም ዝም። የፈለግሁትን ወንበር አገኘሁ፤ አልቆረቆረኝም ብል ውሸት ነው። የቆምኩት አንተ በምትቆምበት ቦታ ነው፤ ወለሉ ላይ ያለው ምንጣፍ በጫማህ ልክ ተበልቷል። ሁለት ጨዋታ ተሸነፍን፣ አንድ አሸነፍን፤ ስናሸንፍ እንኳ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዓይኑ ደህና ሆኖስ ቢገኝ እያልኩ አስባለሁ። ያን ጊዜ እኔ ምን ሆንኩ? ከዚያ ደግሞ ደህና ባይሆንስ እላለሁ፤ ይኼኛው ይብስብኛል።

ማክሰኞ ልምምድ ላይ እያለን ጊስሌን ደወለች። ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ አነሳሁት።

«ሐኪሙ ማን ላካችሁ አለን» አለችኝ። «ንዴት ነው የላከው አልኩት።»

ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ከአፍንጫህ ጀርባ የባቄላ ፍሬ የምታህል ዕጢ ተገኘች። የዓይንህን ነርቭ ከመሃል ተጭናው ግራና ቀኝህን ጋርዳብህ ኖሯል። ክፉው ዓይነት አይደለችም። በአፍንጫህ በኩል አውጥተዋታል፤ ተኝተሃል፤ ስትነቃ ከአልጋህ በስተግራ የቆመችውን ነርስ አይተህ «አንቺ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለሽው?» ብለሃታል። ሁለት ወር ብትዘገዩ ኖሮ ይጨልምበት ነበር ብለዋችኋል። 

እኔ በረዶው ላይ ቁጭ አልኩ። ጉልበቴ አይደለም፤ ዝም ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ቶቢን እየተንሸራተተ መጥቶ ምን ሆንክ አለኝ። «ኦረል ያያል» አልኩት። ዞሮ ለልጆቹ ነገራቸው፤ ሃያ ሁለቱም ዱላቸውን በበረዶው ላይ ይደበድቡት ጀመር። ጎል ሲገባ እንኳ እንደዚያ አልደበደቡም። ስልኩ ክፍት ስለነበር ጊስሌን ሰምታለች፤ ለአንተ ትንገርህ አትንገርህ አላውቅም።

ስታንም ሰማ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጊስሌንን ይቅርታ ጠይቋታል አሉ። ሁለት ጨዋታ አፉን ዘግቶ ተቀመጠ፤ በሦስተኛው በኔ ጀመረ። ደስ አለኝ፤ ነገር ሁሉ ወደ ቦታው የተመለሰ መሰለኝ።

ከዚያ ሦስት ሳምንት አንተ አልደወልክም፣ እኔም አልደፈርኩም። ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ የእይታህን ስፋት የሳለበት ወረቀትህ መጣ። ከላይ ሁለት ክብ፣ ከታች ሁለት ክብ። የላይኞቹ በየውጭ ጎናቸው እንደ ከሰል ጠቁረዋል፤ ቀኑ የተጣላን ማግስት ነው። የታችኞቹ ባለፈው ሳምንት የታዩት ናቸው፤ ከጫፍ ጫፍ ነጭ ማለት ይቻላል። የላይኞቹን ሳይ አፈርኩ። አንተ ሜዳውን በቁልፍ ቀዳዳ እያየህ ነበር ስትመራን የከረምከው፤ እኔ ደግሞ ማልያ እየጎተትኩ ረዳሁት እላለሁ።

ከጀርባው የጻፍከውን ሳነብ የእጅ ጽሑፍህን ባላውቀው ኖሮ ማን ነው ደፋሩ እል ነበር። «ቅዳሜ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ሊያልቅ ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ስድስት ነበራችሁ። ዳኛው አላየም። እኔ ከሶፋዬ አይቻለሁ። ስድስተኛው በግራ ነበር።»

ሌላ ምንም አልጨመርክም፤ ይቅር ብዬሃለሁ የሚልም የለበትም። ከአንተ ከዚህ የበለጠ አልጠብቅም። አሥር ጊዜ ሳላነበው አልቀረሁም።

ቪዲዮውን ከፍቼ አየሁት። እውነትህን ነው። ስድስት ነበርን፤ ትከሻውን የነካሁትም እኔ ነኝ።

ወይዘሮ ዶሪን፣ አንተ እስክትድን ወንበሩን ያዝ ብለውኛል፤ ከዚያ በኋላ ማን ዋና ማን ረዳት እንደሚሆን እናንተው ተስማሙ አሉኝ። እኔ ተስማምቻለሁ። ሐኪምህ ሲፈቅድልህ መጥተህ በግራዬ ትቆማለህ ወይም እኔ በግራህ እቆማለሁ፤ ለኔ ልዩነት የለውም። ክራንቼን ተደግፌ ሳለሁ ያልከኝን አሁን እኔ ልበልህ። ቆመህ ማየት ከቻልክ ሥራ አለህ።

እንዳትዘገይ ብቻ። ወረቀትህን ካነበብኩ በኋላ ከሰዓት ሄጄ ዓይኔን አስመረመርኩ። ምንም የለብህም፣ ደህና ነህ አሉኝ። እንግዲህ ለቅዳሜው እኔ ሰበብ የለኝም።

ማልያ ጎታችህ፣
ዋረን