ከሰልፉ የመለስከኝ ዕለት

ውድ ዴልበርት፣

አደራዬን በላህ። ለሰላምታ የሚሆን ቃል የለኝም።

በኦሃዮዋ ትንሽ ከተማችን አንተ የቁጠባ ማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ነበርክ፤ እኔ ግንበኛ። አሠሪ የሌለው ሰው ጡረታ የለውምና፣ ለእርጅናዬ የማጠራቅመውን በማኅበሩ ባለአደራነት እንዳስቀምጥ የመከርከኝ አንተ ነህ። "ኤሜት፣ አንተ ሰው አታምንም። እኔንም አትመን፤ ሕጉን እመን" አልከኝ። አመንኩ።

በዚያ መጋቢት ማኅበሩ ሊወድቅ ነው ተባለና ሕዝቡ በማለዳ ደጃፉ ላይ ተሰለፈ። እኔም ቆቤን ደፍቼ ቆምኩ። ከፊቴ የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ ኦፓል ነበረች።

"ጋሽ ኤሜትም ከተሰለፉማ ነገሩ አልቆለታል!" ብላ ሳቀች።

አንተ ዶናት የሞላ ካርቶን ይዘህ ወጣህ። ለሁሉም አደልክና እኔን ክንዴን ይዘህ ወደ ጥግ ወሰድከኝ።

"ምነው ኤሜት? አንተም ከመንጋው ጋር?"

"ገንዘቤን ስጠኝ።"

"የእናቴም ጡረታ እዚሁ ነው። የገዛ እናቴን ሜዳ ላይ እጥላለሁ?"

እናቱን መያዣ ያደረገ ሰው አይዋሽም ብዬ፣ በራሴ አፍሬ ወደ ቤቴ አቀናሁ። ዞር ስል ኦፓል ትከተለኛለች። ከእሷ ኋላ ደግሞ ሌሎች።

"እሱ ከተመለሰ እኛ ምን ቤት ነን?" ይባባላሉ።

ለካ የፈለግኸው ጀርባዬን ነበር። በማግስቱ በሩ ተዘጋ፤ ማኅበሩ ቢከስር ገንዘባችንን የሚተካ መድን ነው ያልከን ፈንድም አብሮ ወደቀ። እናትህ ግን ምንም ሳታውቅ፣ "ልጄ ይባረክ፣ ገንዘቤን ቀደም ብሎ አወጣልኝ" አለችኝ።

ባለቤቴ ቬርና ደረጃ መውጣት አቅቷታል። ከታች መኝታ ቤት እሠራልሻለሁ ያልኳት በወሬ ቀረ። እኔም ሰባን አልፌ ዛሬም የሰው ጡብ እሸከማለሁ። ይህን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ኦፓልን ነው። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጠበቀችኝ።

"ጋሽ ኤሜት፣ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ይሻልሻል ይለኛል። እርስዎ ቢሆኑ ይገቡ ነበር?"

ያን ሁሉ አጥታ፣ አሁንም እኔን አይታ ልትወስን!

"አላውቅም" አልኳት። "እኔን አትዪ።"

ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ብዬ ለማንም መልሼ አላውቅም። ከገንዘቡ ይልቅ የወሰድክብኝ ይህን፣ ለጠየቀኝ ሰው በልበ ሙሉነት መመለስን ነው።

አሁን ከምትኖርባት ከፍሎሪዳ ካርድ አትላክልኝ፤ ሳልከፍት ምድጃ ውስጥ እከተዋለሁ። ይህን የጻፍኩት አንድ ጊዜ ተብሎ እንዲያበቃ ነው። ከእንግዲህ ለአንተም፣ ለቬርናም፣ ለፈጣሪም ቢሆን ስለዚህ ነገር አልተነፍስም።

ኤሜት ክራውስ