ሰባተኛዋ ኮከብ

ውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ አልልዎትም፤ ከአፈር በታች ላለ ሰው እንዲህ አይባልም። ከሄዱ ክረምቱ አልፎ ጥርም እየተገባደደ ነው። ነገ ፈረሰኞቹ ለዓመታዊ በዓላቸው እንጅባራ ይወጣሉ።

የእርስዎ ደንብ አልጠፋኝም። በበዓሉ ዋዜማ፣ ራት ሳይቀርብ፣ ደጅ ወጥተው ተጠጋግተው የሚታዩትን ሰባቱን ከዋክብት ይቆጥሩ ነበር። ስድስቱ ለማንም ይታያሉ፤ ደብዛዛዋን ሰባተኛ ያላየ ግን ፈረስ ላይ አይወጣም። «ጉድጓድ ሳያይ ፈረሱን ይሰብራል» ይሉ ነበር። በልጅነቴ አፍጥጬ ሳጣት ይስቁብኛል። «ሙሽራ ናት፤ ካፈጠጡባት ትሸፈናለች። አጠገቧን እያየሽ ጠብቂያት።» እውነትም ዓይኔን ፈንጠር ሳደርግ ብቅ ትላለች።

አምና ግን ቆመው ቆመው ወደ እኔ ዞሩ።

«ሕይወቴ፣ አለች?»

«አለች፣ አባባ።»

«ለእኔ የለችም።»

ደመና ነው ብልዎት ያምኑኝ ነበር፤ እርስዎን መዋሸት ግን አልሆነልኝም። ገብተው የዳማውን ፈረስዎን ጌጥ በዳበሳ ፈቱ። «ብርሃንሽን አይንሳሽ» ብለው በአገውኛ መረቁኝ። በማግስቱ ሜዳው ዳር ከተመልካች ጋር ቆመው ሲያጨበጭቡ አየሁዎት። ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ፣ አባባ፤ እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም።

በለቅሶዎ ዕለት ዳማው ኮርቻው ባዶውን ሲጎተት፣ የፈረሰኞቹ አለቃ ጋሽ ኪዳኑ «ከእንግዲህ ማን ይወጣበታል?» ብለው ጠየቁ። እናቴ «ልጁ ናታ! ራሱ አይደል ግልቢያ ያስተማራት?» አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ዛሬ ከሥራዬ ከእንጅባራ መጣሁ። እዚያ የመንገዱ መብራት ስድስቱንም አያስቆጥርም፤ የዘንገና ደጃችን ጨለማ ግን አሁንም ደህና ነው። ሰባተኛዋን ካጣኋት ፈረሱን ለአጎቴ ልጅ ለአበረ ልሰጥ ወስኜ ነበር። አፈጠጥኩ፤ የለችም። እንባዬ መጥቶ ስድስቱንም አደባለቀብኝ። የእርስዎም ፊት እንዲሁ ነው፤ ላስታውሰው ባፈጠጥኩ ቁጥር ይሸሸኛል፣ ልጓሙን ስይዝ ግን ሳላስበው ይመጣል። ዓይኔን በነጠላዬ ጠራርጌ አጠገቧን አየሁ። ቀስ ብላ ወጣች።

ነገ እወጣለሁ፣ አባባ። አፈሩ ይቅለልዎት።

«አለች!» ብዬ ጮኼ ነበር እኮ፣ ወደሚቆሙበት ዞሬ። የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

ልጅዎ ሕይወት ዓባይነህ