የጎደለው አርማታ

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእናቴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ነው የምትውዪው? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ውሸት ሰልችቶኛል። አካሌ ደህና ነው፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ። ልቤን ግን አትጠይቂኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ጋሼ፣ እማዬ የሞተችበትን አልጋ ከአዲሱ ክፍሏ እንዳታነሡት፤ መጥቼ አንድ ቀን አጠገቡ ልደር» ብለሻል። ሚስቴ ይህን ስታነብ አልጋውን ወደ አዲሱ ቤት አስወስዳ አንጥፋ ጠበቀችኝ። «የሞተ ላይመለስ፣ በሐዘኗ ላይ ሐዘን አትደርብባት፤ ዝም በል» አለችኝ። ሦስት ቀን ዝም አልኩ። በአራተኛው ቀን አልጋውን ተሸክሜ ወደነበረበት መለስኩት። እህቴ፣ እማዬ በአዲሱ ቤት አንድም ቀን አላደረችም። የሞተችው በኪራዩ ክፍል ነው። ጥፋቱም የእኔ ነው።

የአዲሱ ቤት ጣሪያ፣ ሶሌታው፣ ከመሞላቱ በፊት «ስሌቱን ለዚያ ለወጣቱ መሐንዲስ አሳየው» ብለሽኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሣቅሁብሽ። «ሃያ ስምንት ዓመት አርማታ ያቦካ ሰው ከትናንት ልጅ ሊማር ነው?» አልኩሽ። ምነው አፌን በቆረጠው! ርዝመቱ ስምንት ሜትር፣ ወርዱ ስድስት፣ ውፍረቱ ዐሥራ ሁለት ሳንቲም። ሳባዛው ስድስት ሜትር ኩብ እንኳ አይሞላም። ለአንዱ ሜትር ኩብ ሰባት ከረጢት ሲሚንቶ፣ በድምሩ አርባ ሁለት ከረጢት። በሲሚንቶ ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት፤ ኩራቴን ብታዪ ትስቂ ነበር።

ምን እንደረሳሁ ታውቂያለሽ? ቢሙን! ዕድሜዬን ሙሉ ስሞላ የኖርኩት የምድር ወለል ነው። ወለልን አፈሩ ይሸከመዋል፤ ርዝመቱን በወርዱ፣ በውፍረቱ አባዝተሽ ትገላገያለሽ። ጣሪያ ግን ከሥሩ ባዶ ነው፤ በግድግዳው ዙሪያና በመሃል የሚሄደው ተሸካሚው ቢም አብሮት ይሞላል። ሠላሳ አራት ሜትር ቢም! የፌሮ ብረቱን ያሰርኩት እኔ፣ የጣውላ ካሳፎርማውን የመታሁት እኔ፣ ወረቀቴ ላይ ግን የለም። ለሚባክነው እንኳ ምንም አልያዝኩም።

የሙሌቱ ቀን ማልደን ጀመርን። ቢሙ ይውጣል፣ ይውጣል፣ አይጠረቃም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጓደኛዬ ለሳኙ ከላይ ሆኖ «ኧረ ሲሚንቶ አምጡ!» ብሎ ጮኸ። ከየት ይምጣ? የቀረው ከእማዬ ክፍል በላይ ያለው ብቻ ነበር። ከሱቅ ሱቅ ብሮጥ፣ ሲሚንቶ የጠፋበት ሰሞን ሆነና የጎደለኝን ዐሥራ አራት ከረጢት አጣሁ። የተገኘው በዘጠነኛው ቀን ነው። የፊተኛው ደርቆ ጠብቆናል፤ እንደ ምንም አያይዤ ሞላሁትና «ይይዛል» አልኩ። አልያዘም። በመጀመሪያው ዝናብ መጋጠሚያው ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ።

መሐንዲሱ መጥቶ አየና «ይሄ ሰው ላይ ይወርዳል፤ ይፍረስ» አለ። ያ የትናንት ልጅ ያልኩት አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ወረቀቴን ተቀብሎ አየና «ጋሼ፣ ቢሙስ?» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለአንቺ ግን «ነጋዴው ሲሚንቶ አዘገየብን» ብዬ ዋሸሁሽ።

ማፍረሱና እንደገና መሙላቱ አምስት ወር ፈጀ። እማዬ ይህን ሁሉ ጊዜ የኪራይ ክፍሏን ዐሥራ አንድ ደረጃ በእጇም በእግሯም ትወጣ ነበር። አንቺ እኮ ቤቱን ያሰብሽው ከዚያ ደረጃ ልትገላግያት ነው። «መቼ ነው የሚያልቀው?» ብላ አንድ ቀን አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

አንቺ ግን በደወልሽ ቁጥር ትጠይቂያት ነበር። አንድ እሑድ «ወደ ቤቱ ውሰደኝ» አለችኝ። ደግፌ ወሰድኳት፤ ጣሪያው በፈረሰው ክፍሏ ውስጥ ብሎኬት ላይ አስቀመጥኳት። ስልክ አስደወለችኝና «ገባሁልሽ ልጄ! ክፍሌ እንዴት ሰፊ መሰለሽ፣ ብርሃኑስ ብትዪ!» አለችሽ። ብርሃኑስ እውነት ብዙ ነበር፤ ከላይዋ ሰማይ እንጂ ሌላ ምን አለ? በደስታ ስታለቅሺ እኔም ሰማሁሽ። ስልኩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞራ «ትንፍሽ ብትል ልጄ አይደለህም» አለችኝ። መልሼ ወሰድኳት። ደረጃው መሃል ላይ ደክሟት ቁጭ አለች፤ ቀና ብላ አየችኝና «አይዞህ፣ ሰው ነህ፤ ሰው ይሳሳታል» አለችኝ። በሦስተኛው ሳምንት ተለየችን። ያቺ «አይዞህ» ያለችኝ ነገር አንጀቴን ትበላኛለች፤ ብትረግመኝ ይቀለኝ ነበር።

አሁን ቤቱ አልቋል፤ ጣሪያው ጠብ አይልም። ሰው ለስሌት ሲጠራኝም ወደ መሐንዲሱ እልካለሁ። የእማዬን ቃል ይኸው አፈረስኩ። ልጄ አይደለህም ካለችኝም ይሁን፤ ግን አንቺ ያን ሁሉ አገር አቋርጠሽ መጥተሽ፣ እሷ ባልተኛችበት ክፍል ስትንሰቀሰቂ ቆሜ ማየት አልችልም። የኪራዩን ክፍል አልለቀቅሁትም። ነጠላዋም ጫማዋም እንዳሉ ናቸው። ስትመጪ ወደዚያ እወስድሻለሁ።

ሰላምታውን ሁልጊዜ «እማዬ ግንባርሽን ትስምሻለች» ብዬ ነበር የምጀምረው። ዛሬ እዚህ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ሚስቴ፣ ይህን በመጻፌ ብትቆጣኝም፣ በጣም ናፍቀሻታል። ልጄ «አክስቴ መቼ ነው የምትመጣው?» እያለች ታደርቀኛለች። ለሳኙም እግዜር ያጽናሽ ብሎሻል። ለባለቤትሽ ሰላም በዪልኝ፤ የትንሿን ጉንጭ ሳሚልኝ።

ስደቢኝ፣ የፈለግሽውን በዪኝ፤ ብቻ ዝም አትበዪኝ። ይቅር በዪኝ ለማለትም አፍ የለኝም። ብቻ ነይ።

ወንድምሽ ግንበኛው
ከእማዬ የኪራይ ክፍል፣ አልጋዋ አጠገብ
እሑድ፣ ኅዳር ፱ ቀን