የግራናይቱን ክፍል የሠሩት የአቶ ሰብስቤ ተሰማ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሰብስቤ ከአባታቸው ከአቶ ተሰማ ወልደሥላሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይታይሽ ገዛኸኝ በ1953 ዓ.ም. ጭልጋ አጠገብ ተወለዱ። ለትምህርት ሲደርሱ ከደብሩ መሪጌታ ዘንድ ዳዊት ደገሙ። ከዚያ በላይ አልተማሩም። ዘመኑ ክፉ ነበርና በ1976 ዓ.ም. በመተማ፣ በገዳሪፍ አድርገው ካርቱም ገቡ፤ ዴም የተባለውንም ሰፈር አገሬ አሉ።

እንጀራቸው ድንጋይ ነበር። መጀመሪያ ተሸከሙት። ቆይተው ጀብራ በሚባል ሰፈር፣ ሃጅ የሕያ ወርሻ፣ ድንጋይ መቁረጫው ቤት ውስጥ ግራናይት ቆራጭ ሆኑ። የሀብታሞቹ ሰፈር ካፉሪ ካሉት ቪላዎች የስንቱን ወለል እንዳነጠፉ፣ የስንቱን ደረጃ እንዳለበሱ እሳቸውም አያስታውሱትም ነበር። በ1984 ዓ.ም. ከወይዘሮ ወለተማርያም ሀይሉ ጋር በቁርባን ተጋብተው ሚልዮንንና ሜሮንን ወለዱ።

ሃጅ የሕያ «ውሰደው፣ ሐላልህ ነው» እያሏቸው የተረፈውን ቁርጥራጭ እያመጡ አንዷን ክፍላቸውን ወለሏንም ግድግዳዋንም ግራናይት አለበሷት። የካርቱም ሙቀት ሲያነድ እዚያች የገባ ሰው ወንዝ ዳር የተኛ ይመስለው ነበር። በሰው ቤት የሚሠሩ፣ እናት አጠገባቸው የሌለች የአገራችን ልጆች ሲወልዱ አቶ ሰብስቤና ባለቤታቸው በዚያች ክፍል ያርሷቸው ነበር። መስኮቱ እንደ ደንባችን ዝግ ነው። አራሷን ብርድ እንዳይመታት ቀዳዳው ሁሉ በጨርቅ ይወተፋል።

በ2013 ዓ.ም. ኢሃብ መለኪያ ይዞ መጣ። ኢሃብ እናቱ የኛ፣ አባቱ ሱዳናዊ የሆነ የጎረቤት ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምራል። ግራናይት በተፈጥሮው ጥቂት ጨረር እንዳለው፣ ሽታም መልክም የሌለው፣ ቤት ውስጥ ሲጠራቀም ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ እንደሚወጣው ነገራቸው። አቶ ሰብስቤ ድንጋይም ይተነፍሳል ወይ ብለው ሳቁበት። ልጁ ትንሽ ዕቃ ክፍሏ ውስጥ ትቶ ሄደ፤ ሰንበት ብሎ ወስዶ መረመረውና ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ድንጋዩ ብቻውን አያስፈራም። የሚያስፈራው መዝጋታችሁ ነው። መስኮቱን ክፈቱት» አላቸው።

ወይዘሮ ወለተማርያም ከጓዳ ሆነው፣ «አራስ በብርድ ብትሞትብኝ መለኪያህ ይቀብርልኛል?» አሉት።

አቶ ሰብስቤ ከዚያ ወዲያ አልሳቁም። መስኮቱን አስፍተው ቆረጡት። እሳቸው ይከፍታሉ፣ ወይዘሮዋ ይዘጋሉ። እንዲህ ሲጓተቱ በ2015 ዓ.ም. ጦርነቱ መጣ። ጥይት ሲበዛ ያንኑ ያሰፉትን መስኮት በገዛ እጃቸው ቆርቆሮ መትተው ዘጉት። ወደ አገር መሄድ ያቃታቸው እናቶች ከነልጆቻቸው ለወራት እዚያው ተጠለሉ። ሌላ ምን ማድረግ ይቻል ነበር?

በ2017 ዓ.ም. ሳል ጀመራቸው፤ ሐኪም ሳንባቸው ላይ ካንሰር አገኘ። ዕድሜ ልክ ከዋጡት የድንጋይ አቧራ ይሁን፣ ከክፍሉ ይሁን፣ ሐኪሙም ኢሃብም አናውቅም አሉ። አቶ ሰብስቤ ስለ ራሳቸው አንድም ቀን አልጠየቁም። የሚጠይቁት ሌላ ነበር።

«እነዚያን ልጆች ጎድቼ ይሆን?»

ኢሃብ አልዋሻቸውም። «አይመስለኝም ጋሼ። ግን ልምልልዎ አልችልም» አላቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ወይዘሮ ወለተማርያም ያን ጊዜ ብድግ ብለው ቆርቆሮውን አነሱት።

ይህ ነገር ከታሪኩ ይውጣ፣ የሙት ስም ይጎድፋል ያሉ ዘመዶች ነበሩ። ይህን ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው እምቢ አለች። ሰውየው እስከ መጨረሻ ሲጠይቁት የኖሩትን ነገር ደብቆ ደግነታቸውን ብቻ ማውራት ማክበር አይደለም፣ አፍ መዝጋት ነው። በዚያች ክፍል የታረሳችሁ እናቶች ዛሬ እዚህ ቆማችኋል። አትደንግጡ። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ግን የት እንደከረማችሁ ንገሩ። ዛሬ የምትኖሩበትንም ክፍል ክፈቱት፤ ብርድ በጋቢ ይመለሳል።

አቶ ሰብስቤ ተሰማ በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዟቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት እህታቸውን፣ እንዲሁም በቤታቸው የተወለዱትን ሁሉ ትተው ሄደዋል። የወርሻ ጓደኞቻቸው ለመቃብራቸው ግራናይት ቆርጠዋል፤ ቤተሰቡም እሺ ብሎ ተቀብሏል። ደጅ ነው፣ ነፋስ አያጣውም።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በሰፊና በብሩህ ስፍራ ያሳርፍልን። እኛ ያልመለስንላቸውን ጥያቄ እርሱ ይመልስላቸው።