እኔ ማሩን፣ ሐንፈሬ ዘይቱን

ጥር 8 ቀን 1975

ዛሬ ሦስት ቬንትሌተር ጠገንኩ። አንዱ የመሥሪያ ቤት፣ ሁለቱ የሰፈር። የመሥሪያ ቤቱ ኩሽኔታው ደርቆ እንደ አህያ ይጮህ ነበር። ፈታሁት፣ አጠብኩት፣ ዘይት አጠጣሁት፤ ዝም አለ። አሰብ ውስጥ ቬንትሌተር የሚጠግን ሰው ጠላት የለውም። "ሳኒ፣ እጅህ አይንጠፍ!" እያሉ ይመርቁኛል።

ሥራ መሀል አምስቴ ለሽንት ተነሣሁ። ሄዶ መቆም፣ መጠበቅ... ጠብ፣ ጠብ። ከዚያ ተመልሶ ሽቦ መጠቅለል። ሳልሀ "ብርድ መቶህ ነው፣ ትኩስ ነገር ጠጣ" ትላለች። አሰብ ላይ ብርድ! ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ለባለቤቴ ሁሉም በሽታ ብርድ ነው።

ከወር በፊት ሥጋዬን ቆንጥረው ወደ አዲስ አበባ ልከውት ነበር። መልሱ መጥቷል ተባልኩ። ለሳልሀ "የደም ምርመራ ነው" ብያታለሁ።

ጥር 11

ነቀርሳ ነው።

ዶክተር ገሠሠ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ከሽንት ፊኛ ሥር ያለች ዕጢ ናት፣ ፕሮስቴት ትባላለች። ስልሳ ዓመት ሙሉ ተሸክሜያት ስሟን አላውቅም ነበር።

"በሽታው የሚያድገው ከወንዴ ፍሬ በሚወጣ ቅመም ነው" አለኝ። "ፍሬዎቹን ብናወጣቸው ምግቡ ይቋረጥበታል። ቀዶ ሕክምናው ከባድ አይደለም፤ እዚሁ እንሠራዋለን።"

"እድናለሁ?"

"ፈጽሞ ይጠፋል ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ይተኛል። ብዙ ዓመት የተኛላቸው አሉ።"

ሌላ መንገድ የለም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ክኒን አለ፤ ግን እንደ ልብ አይገኝም፣ ልብንም ያውካል አለ። ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ፍሬዎቹን... እንዲህ እንደ ዋዛ?

በረንዳው ላይ አግዳሚው ጫፍ አንድ ቀጭን ሰውዬ ወገቡን ይዞ ተቀምጧል። "አንተም ፕሮስቴት?" አለኝ።

"በምን አወቅክ?"

"ከዚያ ክፍል እንዲህ ዓይነት ፊት ይዞ ሲወጣ ያየሁት ሁለተኛው ሰው ነህ። የመጀመሪያው በመስተዋት ያየሁት ራሴ ነኝ።"

ሐንፈሬ ይባላል። ባሕር ዳር ካለችው ከዒድ መንደር የመጣ አፋር ነው፤ እዚህ ትምህርት ቤት ሳይንስ ያስተምራል። ስቄ አላውቅም እንዲህ ባለ ቀን። ዛሬ ግን ሳቅሁ።

ጥር 12

ለሳልሀ አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

ጥር 18

ወደ ማምሻው ላይ የአስርን ሶላት ሰግደን ከሐንፈሬ ጋር በባሕሩ ዳር ተጓዝን። እሱ በወገቡ ሕመም ቶሎ ቶሎ ይቀመጣል፤ እኔ ቶሎ ቶሎ የሚከልል ድንጋይ ፍለጋ እጠፋለሁ። አንድ ላይ ሆነን አንድ ጤነኛ ሰው አንሞላም።

እሱም ቀዶ ሕክምናውን ፈርቶታል። "ሰው ሁሉ መድኃኒት ይነግረኛል" አለ። "ጥቁር አዝሙድ በማር፣ የሻርክ ጉበት ዘይት፣ የግመል ወተት፣ ፍል ውኃ..."

"ታዲያ ሁሉንም እንውሰዳ!"

"አይሆንም። ሁሉንም ከወሰድን የቱ እንደሠራ በምን እናውቃለን? አንተ አንዱን፣ እኔ አንዱን። አርባ ቀን። በየቀኑ ትጽፋለህ።"

አስተማሪ መቼም አስተማሪ ነው። ዕጣ ጣልን። እኔ ማሩን፣ እሱ ዘይቱን። አንጀቱ እርር አለ።

ዶክተሩ ሰምቶ አልተቆጣም። "ማርና አዝሙዱ አይጎዳዎትም። ግን ሽንት ጨርሶ ከዘጋዎት፣ ወይም የሐንፈሬ እግር ከደነዘዘ፣ አርባ ቀን ብላችሁ እንዳትጠብቁ" አለ።

ጥር 20

ጀመርን። ማሩን ሹፌሮች ከደሴ አመጡልኝ። ዘይቱን ኻሊፋ ከሚባሉ ሽማግሌ ገዛን፤ ዓሣ ገበያው ጥግ ተቀምጠው መድኃኒት የሚሸጡ ናቸው። ጠርሙሱን ሲከፍቱት ዓይኔ አለቀሰ። ሐንፈሬ አፍንጫውን ይዞ አንድ ማንኪያ ጨለጠ።

ዛሬ፦ ስምንት ጊዜ።

ጥር 27

ስምንት። ማሩ ይጣፍጣል።

የካቲት 3

የቀበሌ ስብሰባ። ሦስት ጊዜ ወጣሁ። በሦስተኛው ሰብሳቢው ንግግራቸውን አቁመው "ጓድ ሳኒ፣ ስብሰባ እየረገጡ መውጣት ምን ማለት ነው?" አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምን ልበል? ላብ አጠመቀኝ። ከኋላ አንድ ድምፅ "ጓድ ሰብሳቢ፣ ስኳር አለበት" አለ። ሐንፈሬ ነው! የሱ ቀበሌ እንኳ አይደለም፤ እኔን ሊጠብቅ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሰብሳቢው "እንግዲያስ በር አጠገብ ይቀመጡ" አሉኝ።

ከእንግዲህ የበር አጠገብ ወንበር የኔ ናት። ከበሽታዬ ያገኘሁት የመጀመሪያው ጥቅም።

የካቲት 14

ዘጠኝ። ሐንፈሬን ድመቶች ይከተሉታል። ወላሂ እውነቴን ነው። ዘይቱ ከላቡ ጋር እየወጣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ከትምህርት ቤት ሲወጣ አራት ድመት ከኋላው ተሰልፎ... ተማሪዎቹ "ሻለቃ" ብለውታል። እሱም ይስቃል። ሲስቅ ግን ወገቡን ይይዛል። ፊቱም ገርጥቷል።

የካቲት 22

ሳልሀ ዛሬ ዝም ብላ ታየኛለች። "የምትነግረኝ ነገር አለ?" አለችኝ። "ምን ይኖራል?" አልኳት። ካቻቢቴዬን ልፈልግ ብዬ ወጣሁ፤ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ለምን አልነገርኳትም? ሞት አይደለም የፈራሁት። ሞትማ የአላህ ነው። ከዚያ በኋላ ከአጠገቧ ስተኛ ምን ሆኜ እንደምተኛ ነው ያስፈራኝ። እንደ ወንድሟ ሆኜ ይሆን?

መጋቢት 1

አርባው ቀን አለፈ። ኻሊፋ ጋ ሄደን ደብተራችንን ዘረጋን። ሐንፈሬ እንደ ፈተና ወረቀት አነበበው። "ሳኒ፣ ሲጀምር በቀን ስምንት፣ ሲጨርስ ዘጠኝ። እኔ፣ ሲጀምር የወገብ ሕመም፣ ሲጨርስ የወገብና የጭን ሕመም።"

ከዚያ ዓይን ዓይናቸውን እያየ ጠየቃቸው። "አባባ ኻሊፋ፣ በአላህ ይሁንብዎ። በዚህ ዘይት ከዚህ በሽታ የዳነ ሰው ያውቃሉ?"

ሽማግሌው ጢማቸውን ዳሰሱ። "ዕድሜዬን ሙሉ ሳል አክሜበታለሁ፤ ለሳል ደግ ነው" አሉ። "ለዚህ ግን... የዳነ አላውቅም። ጨንቋችሁ መጣችሁ። የለኝም ብዬ መመለሱ ከበደኝ።"

አልተቆጣንም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ከብዙ ቀን በኋላ እውነት የሰማሁ መሰለኝ። ሐንፈሬ እጃቸውን ስሞ ተነሣ። ሲነሣ ግን ሁለት ጊዜ ወድቆ ነበር፤ ደግፌ ቤቱ አደረስኩት።

እኔ "የግመል ወተት ይቀረናል" አልኩት። ጭኑን እያሸ በሩን ገፍቶ ገባ።

መጋቢት 6

ሐንፈሬ ባሕር ዳር አልመጣም። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም።

መጋቢት 7

ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ ዙሌይኻ በር ከፈተችልኝ። "ሆስፒታል ነው። ትናንት ቀዶ ሕክምናውን ሠሩለት" አለች።

ሳይነግረኝ! ውላችን ምን ሆነ? ተናድጄ ቤቴ ገባሁ፤ የሰው ቬንትሌተር ክንፉን ገልብጬ ገጠምኩት።

መጋቢት 12

ልቤ አልቻለም፤ ሄድኩ። አልጋው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ቀጥ ብሎ! በሁለት ወር ውስጥ እንዲህ አይቼው አላውቅም። ሐብሐብ እየቆረጠ ነው።

"ከዳኸኝ" አልኩት።

"አልከዳሁህም። አንድ ሰው ቀድሞ መሞከር ነበረበት። ሳይንስ ነው።"

"ታዲያስ?"

"ወገቤ ለቀቀኝ፣ ሳኒ። በሦስተኛው ቀን። እንዲህ ባለ እንቅልፍ ከተኛሁ ዓመቴ ነው።" ሐብሐቡን አቀበለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሌላውን ልትጠይቀኝ ፈልገህ አፍረሃል። ያው ነኝ። ስሜም ያው፣ ንዴቴም ያው። ዙሌይኻ ዛሬ ጠዋት እንደ ድሮው ሰደበችኝ።"

ከቤት ስወጣ ልሰድበው ነበር። እሱ ጋ ሐብሐብ በልቼ ተመለስኩ።

መጋቢት 13

ነገርኳት።

ልብስ ታጥፍ ነበር። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሁሉንም አንድ በአንድ ዘረዘርኩላት። እሷ ማጠፏን አላቆመችም። "አውቃለሁ" አለች።

"ከየት?"

"ዙሌይኻ ነገረችኝ። ወር አለፈው። ሐንፈሬ ለሚስቱ የነገራት የዚያኑ ዕለት ነው።"

"ለምን ዝም አልሽ?"

"አንተ እስክትነግረኝ ነዋ! የማር ማሰሮውን ማን የሚሞላው መሰለህ? በራሱ የሚሞላ ማሰሮ አይተህ ታውቃለህ?"

ለካ... ወላሂ አንድም ቀን አላሰብኩትም። ያንን ሁሉ ማር ስልስ ማሰሮው አልጎደለም ነበር።

"ሳልሀ፣ የሚያወጡት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"አምስት ልጅ ወልደንበታል። አገልግሎቱን ጨርሷል፤ ይረፍ" አለች። ከዚያ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረና ሸሚዜን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። "አንተ የልጆቼ አባት፣ እኔ የምፈራው ባዶ ቤት ነው። ሌላውን ተወው። የምጨቃጨቀው ሰው እንዳታሳጣኝ።"

ምን ያህል ጊዜ አጠፋሁ! ከዚህች ሴት ተደብቄ...

መጋቢት 21

ዛሬ ተሠራልኝ። ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ እንጂ አላስተኙኝም። ዶክተር ገሠሠ እየሠራ ስለ ቤቱ ፍሪጅ ያማክረኛል። "ጀርባው ያለው ፍርግርግ አቧራ ይዞ ይሆናል፤ በብሩሽ ይጥረጉት" አልኩት። ሲስተር እታፈራሁ "ታካሚውና ሐኪሙ ተቀያየሩ" ብላ ሳቀች። ከቡና ቁርስ ያልበለጠ ጊዜ ነው የፈጀው። ለዚህ ነው ሁለት ወር ሙሉ የሸሸሁት?

ሳልሀ በር ላይ ነበረች። "አለህ?" አለችኝ። "አለሁ" አልኳት።

ሚያዝያ 9

ስድስት ጊዜ። ቁስሉ ደረቀ።

አዲስ ነገር፦ ድንገት ከሆዴ እሳት ይነሣና ላብ በላብ ያደርገኛል። ዶክተሩ "የቀዶ ሕክምናው ጠባይ ነው፤ ሴቶች ዕድሜያቸው ሲገፋ የሚሰማቸው ዓይነት" አለ። ሳልሀ "እሰይ! እኔን ስትስቅብኝ አልነበር?" አለች። ደግነቱ አሰብ ነው። ሁሉንም በሚያልበው አገር ማን ያውቅብኛል?

ሚያዝያ 30

አንዳንድ ነገር ሄዷል። አይመለስም። እዚህ ደብተር ላይ ለማን ብዬ እዋሻለሁ? ትናንት ትንሽ ከፋኝ። ሳልሀ መጥታ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። እንዲሁ ተቀመጥን። ከጋብቻችን ዓመታት በስንቱ ነው እንዲህ ሥራ ፈትተን የተቀመጥነው? አላስታውስም።

ሰኔ 9

ጾም ሦስተኛ ቀኑ። ዶክተሩ ፈቅዶልኛል። የረመዳን ማታ ሶላት ተራዊህን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከሰልፍ ሳልወጣ ሰገድኩ። ሁለት ዓመት ያላገኘሁት ነገር። አልሐምዱሊላህ።

መስከረም 20 ቀን 1976

የሐንፈሬ ልጅ ዳሃባ ልታገባ ነው፤ ሠርጉ እሱ አገር ዒድ ነው። "ካልመጣህ ውላችን ፈረሰ" ይለኛል፣ አፍራሹ እሱ ሆኖ። ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ለመጠየቅ ሄድኩ፤ "ለሁለት ሰው" አልኩ። ሳልሀ አሰብ ሃያ ሦስት ዓመት ስትኖር ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም።

ኅዳር 14፣ ዒድ

ትናንት ደረስን። አንድ ቀን ተኩል በባሕር። ሳልሀ የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን አስመለሳት፤ የቀረውን ዓሣ እየቆጠረች ዘፈነች። እኔን ማንም "ይህ ሰውዬ ስንቴ ይነሣል?" አላለኝም። ዶክተር ገሠሠ ባለፈው ወር "ተኝቷል" ብሎኛል። እስከ መቼ? አላህ ያውቃል። እኔ ግን ነቅቻለሁ።

ማታውን ሠርጉ ደመቀ። ሐንፈሬ ከወጣቶቹ ጋር ጨፈረ፤ ዙሌይኻ "አንተ ሽማግሌ፣ ተቀመጥ!" እያለች ከኋላው።

ዛሬ ጠዋት ያዮ የሚባል የሐንፈሬ ዘመድ ወደ አሸዋው ዳር ወሰደኝ። ትልቅ ሰው፣ የጀልባ ባለቤት። አሸዋውን በእግሩ ይጭራል። ጉሮሮውን ጠረገ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ።

"ሽንት ነው?" አልኩት።

ደነገጠ። "ሐንፈሬ... አንተም እንደሱ ሆነሃል ብሎኛል። ግመል ወተት ልሞክር እያልኩ ነበር።"

"ጠጣው፤ ወተት ጥሩ ነው። መጀመሪያ ግን ምን እንደሆነ ሐኪም ይይልህ። የአንተ ከኛ የተለየ ሊሆን ይችላል። የኛው ከሆነም፣ አዎ፣ እኔን አውጥተውልኛል። ሁለቱንም።"

እንዲህ ጮክ ብዬ! ካወቅሁት አንድ ቀን ላልሞላው ሰው። ዓሣ አጥማጆቹም ሳይሰሙ አልቀሩም። ምንም አልሆንኩ።

ያዮ ዞር ዞር ብሎ አየና በሹክሹክታ፣ "ሚስትህስ?" አለኝ።

ሳልሀ ፈንጠር ብላ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውኃው ውስጥ ቆማለች። "ሳልሀ!" አልኩ። "ሰውዬው ሚስትህስ ይለኛል!"

"ደህና ናት በለው!" አለች ዘወር ሳትል። "ከባሕሩ ወጥታ ቁርስ ልትበላ ነው፣ እሱም ይምጣ!"

ያዮ መጀመሪያ አፈረ፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቁርስ ላይ ሦስት ዓሣ በላ። እጁን ከታጠበ በኋላ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ "ሐኪሙ ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?" አለኝ።

"ሁለት ሰዓት ተኩል። አግዳሚው ላይ አብሬህ እቀመጣለሁ።"

ሐሙስ እንመለሳለን። በያዮ ጀልባ።