የሶደሬው ዥንጉርጉር አበባ

ይድረስ ለአጎቴ፤

ነገሩ የተበላሸው እርስዎ ስለ እኔ «ይቺማ ውሃ የምታጠጣልኝ ልጅ ናት» ባሉበት ቅጽበት ነው። አዳማ፣ አበባ ባዛሩ ላይ፣ የሶደሬዋ ባለሆቴል ወይዘሮ ኡሙልኸይር «ይህን ሮዝ ፔቱኒያ ማን አዳቀለው?» ብለው ሲጠይቁ። ሦስት ዓመት የደከምኩበት አበባ ፊታችን ተደርድሯል፤ ሰሌዳው ላይ በእርስዎ ስም ቀለሙ ያልደረቀ «ብዙነህ ቁጥር አንድ» የሚል ጽሑፍ። እኔም ባልዲ ይዤ ስለነበር ማስረጃው ተሟላብኝ።

ሰላምታ ሳላስቀድም ጀመርኩ፤ ይቅርታ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ደም ግፊቱስ? ከሶደሬው ወሬ በኋላ ጨምሮ ይሆናል ብዬ ሰጋሁ። እኔና እናቴ ደህና ነን። ጓሮአችንም ደህና ነው።

አጎቴ፣ የሆቴሉን ትዕዛዝ ሲቀበሉ ከዚያ አበባ ዘር እንዳይለቅሙ ለምኜዎት ነበር። ሮዙ የሚገኘው ጓሮዬ ያሉት ቀዩና ነጩ በየጊዜው ሲዳቀሉ ነው። የሮዙን ዘር ከዘሩ ግን ልጆቹ ይበታተናሉ፤ አንዱ ቀይ አያቱን፣ ሌላው ነጯን አያቱን ፍለጋ ይሄዳል። እርስዎ ምን አሉ? «ወለንጪቲ ሠላሳ ዓመት ጥሩ ጥሩውን የጤፍ ዛላ መርጬ ስዘራ አንድም ቀን አላሳፈረኝም፤ የትናንት ልጅ ዘር ልታስተምረኝ?» እውነት ነው፣ ጤፍ አያሳፍርም። ጤፍ ከራሱ ጋር ተዳቅሎ ራሱን የሚተካ፣ ከቤቱ የማይወጣ ጨዋ ሰብል ነው። ፔቱኒያ እንደዚያ አይደለም።

ችግኙን ያመላለሰው ባለሚኒባሱ ኑሬ ሁሉን ነገረኝ። በሆቴሉ ምረቃ ዕለት ቀይ፣ ነጭ፣ ሮዝ፣ ማንም ያላዘዘው ሐምራዊም ጭምር ፈክቶ፣ ወይዘሮ ኡሙልኸይር «ጋሽ ብዙነህ፣ አንድ ዓይነት አበባ አምጡ አልኩ እንጂ የቀበሌ ስብሰባ ጥሩልኝ አልኩ?» አሉዎት አሉ። እርስዎ ደግሞ ቡዳ በላው ብለው መለሱ። ትናንት ደውለው «ማዳበሪያ ብንጨምርበት አንድ ቀለም ይሆን ይሆን?» ሲሉኝ ስልኩን በነጠላዬ አፍኜ ነው የሳቅሁት።

ከሳቅሁ በኋላ ግን አለቀስኩ። የአበባውን ሁለት ወላጆች፣ ቀዩንና ነጩን፣ ይዘሽልኝ ነዪ ብለውኛል። አጎቴ፣ እነሱን ያዳቀልኩት በምን እንደሆነ ጠይቀውኝ ያውቃሉ? ጎረቤት «ለአበባ ቅንድብ ትነቅላለች» እያለ ሲስቅብኝ፣ ከእያንዳንዱ እንቡጥ ወንዴውን የነቀልኩት በባለቤትዎ በእትዬ ኦብሴ ወረንጦ ነው። ታመው በተኙበት «እኔ ከእንግዲህ ለማን እቆነጃለሁ፤ ለአበባሽ ይሁንሽ» ብለው ነበር የሰጡኝ። ነፍሳቸውን ይማር።

ለወይዘሮ ኡሙልኸይር ደውዬ ያዳቀልኩት እኔ እንደሆንኩ ነግሬያቸዋለሁ። ሁለት ሺህ ሮዝ ችግኝ ጓሮዬ ውስጥ ደርሷል፤ ሰኞ ኑሬ ይጭነዋል። ጉልበትዎ ከፈቀደ ይምጡ። ውሃ የሚያጠጣ ሰው ያስፈልገኛል።

ሲመጡ ያንን የባዛሩን ሰሌዳ ይዘውልኝ ይምጡ። ከመንገድ በፊት ግን ቀለሙን በጥፍርዎ ፋቅ ያድርጉት። ከስምዎ ሥር እኔ የጻፍኩት ሌላ ስም አለ። የእኔ ስም እንዳይመስልዎ፤ የወረንጦው ባለቤት ስም ነው።

ፈጣሪ ጤናውንና ዕድሜውን ያብዛልዎ፤ ጉልበትዎን ያጽናልዎ። ስድብዎን ችያለሁ፣ ባልዲውንም ተሸክሜያለሁ። በዚያ ስም ላይ ቀለም ሲቀባ ግን ከእንግዲህ ዝም ብዬ አላይም።

የእህትዎ ልጅ